የቤሪንግ ጉልድ ሁለት ቅጂ

እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሳቢን ቤሪንግ ጉልድ የጻፈውን፣ የደቡብ ምዕራብ እንግሊዟን የዴቨንን ታሪክ ምን ያህል ልመነው? ይህ ጥያቄ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ሰውዬው በ1834 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኤክሰተር ተወለደ። አባቱ በ1872 ሲሞቱ እዚያው ዴቨን ያለውን የሉ ትሬንቻርድን ርስት ወረሰ፤ በ1881 ደግሞ የደብሩ ቄስነት ክፍት ሲሆን የመሾም መብቱ የባለርስቱ ስለነበር ራሱን ሾመ። 15 ልጆች፣ የመጻሕፍቱንማ ቁጥር ተዉት።

ከሥራው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው በ1888 የጀመረው የገጠር ዘፈን ለቀማ ነው። እሱ ግጥሙን ይጽፋል፤ ዜማውን በኖታ የሚይዙት ፍሊትዉድ ሼፐርድና ፍሬድሪክ ቡስል ናቸው። ሥራውን ለሁለት መክፈላቸው ብልህነት ነው፤ አንድ ሰው ቃሉንም ዜማውንም ልያዝ ካለ ዘፋኙን ደጋግሞ ማስቆሙ አይቀርም፣ በመሃል የተቋረጠ ሽማግሌ ደግሞ ስንኙ ይጠፋበታል። ዘፋኞቹ እንደ ሮበርት ሃርድ ያሉ ድንጋይ ፈላጮች፣ አጥር አጣሪዎች፣ አንጥረኞች ነበሩ። የዳርትሙሯ (የዴቨን ደጋማ ምድር ነው) ሳሊ ሳተርሊ ቁጭ ብላ መዝፈን አይሆንላትም፤ ዘፈኑ የሚመጣላት የቤት ሥራዋን ስትሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ቡስል ደብተሩን ይዞ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ጻፈ።

ችግሩ ኅትመቱ ላይ ነው። ከ1889 እስከ 1891 የወጡት 110 ዘፈኖች የተዘጋጁት ፒያኖ ላለበት ሳሎን ስለሆነ፣ ባለጌ የመሰለውን ስንኝ አውጥቶ በራሱ ተክቶታል። አልደበቀም፤ በማስታወሻው ላይ ለውጬዋለሁ ይላል። ከዘፋኞቹ አፍ የሰማውንም በእጅ ጽሑፍ ለፕሊመዝ ቤተ መጻሕፍት ትቷል። እንግዲህ ከታተመው መጽሐፍ ግጥም የሚጠቅስ ሰው መጀመሪያ የእጅ ጽሑፉን ማየት አለበት። ሳያይ የጠቀሰ የገበሬውን ሳይሆን የቄሱን ግጥም ነው የጠቀሰው።

በዳርትሙር ያለው የጥንት መንደር ግሪምስፓውንድስ? በ1894 ከሮበርት በርናርድና ከሌሎች የቁፋሮ ኮሚቴ አባላት ጋር ሆኖ፣ በአንድ የድንጋይ ካብ የታጠሩ 24 የነሐስ ዘመን ጎጆዎች ያሉበትን ይህን ቦታ ቆፈረ። የተገኘው ከሰል፣ ባልጩት፣ በእሳት የተሰነጠቀ ድንጋይ ነበር። ይህ ደህና። ግን የወደቀውንም መልሰው ካቡት! ዛሬ የትኛው ድንጋይ የጥንቱ፣ የትኛው የ1894 እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ዘፈኑ ያለው ዓይነት ሁለተኛ ቅጂ እዚህ የለም። ያለው የኮሚቴው የቁፋሮ ሪፖርት ነው። ነገ እሱን ከቦታው ፕላን ጋር ጎን ለጎን ዘርግቼ አየዋለሁ።