ሽብልቅ የማይፈልገው መጥረቢያ

ቶማሃውክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በዜና የምንሰማው ሚሳይል ነው። ስሙ ግን የመጣው እኔ ከምኖርበት ከቨርጂኒያ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1607 እንግሊዞች ጄምስታውንን ሲቆረቁሩ በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የፖውሃታን ሕዝቦች ትንሿን መጥረቢያቸውን በዚህ ስም ይጠሯት ነበር። ብረት በንግድ እስኪደርሳቸው ድረስ ስለታሙ ራሷ ከድንጋይ ነበር የሚሠራው።

እኔ የገዛኋት ቶማሃውክ ብረቷ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሂኮሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራው እጀታዋ 48 ሳንቲሜትር ነው። ገና ከካርቶኑ ሳወጣት ብረቱ በእጀታው ላይ ወደ ታች ተንሸራተተ። የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብዬ ተናደድኩና፣ አገር ቤት ፋስ ሲጠብቅ እንዳየሁት፣ የእጀታውን አናት ሰንጥቄ ሽብልቅ ቀረቀርኩበት። እጀታው እስከ ወገቡ ተተረተረ።

ነገሩን በስልክ ያጫወትኳቸው ደብረ ብርሃን አጠገብ የሚያርሱት አጎቴ ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ዶማ ላይ ሽብልቅ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «አላየሁም፣ ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ለካ አሠራሩ የዶማ ነው። እጀታው ወደ አናቱ እየወፈረ ይሄዳል፤ የብረቱም ቀዳዳ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። ብረቱ የሚገባው በቀጭኑ ጫፍ፣ በመያዣው በኩል ነው፤ እስከ አናቱ ተንሸራትቶ እዚያ ይነክሳል። ሲወነጨፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ስለሚስበው በየምቱ ይጠብቃል። ገልብጠው አናቱን መሬት ላይ ገጭ ካደረጉት ይጠብቃል፤ የመያዣውን ጫፍ ገጭ ካደረጉት ደግሞ ይላላል።

አዲሱን እጀታ ለመግጠም አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። የቀዳዳውን ውስጥ በከሰል አጠቁሬ እጀታውን አስገባሁና አወጣሁት፤ ከሰሉ የነካውን ቦታ ብቻ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁ። እንደገና አስገባሁ፣ እንደገና ፋቅሁ። ጥቁሩ ዙሪያውን እኩል እስኪይዝ ድረስ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አንዴ ከመጠን በላይ የተፋቀ እንጨት አይመለስም። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሞኝነት ሠርቻለሁ፦ የላላውን እጀታ በባልዲ ውኃ አሳድሬው ነበር። በማግስቱ ጥብቅ አለ፤ ሲደርቅ ግን ያበጠው እንጨት በብረቱ ተጨፍልቆ ስለነበር ከበፊቱ የባሰ ላላ።

የምሠራባት ቅዳሜና እሑድ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ ወድቆ በደረቀ እንጨት ላይ ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎ ብረት ግንድ አይፈልጥም፤ ልፍለጥ ያለ ሰው ክንዱን ነው የሚያደክመው። የእጅ አንጓ የሚያህለውን የባሉጥ እንጨት ግን ስለቱን በጫፉ ላይ አሳርፌ፣ ሁለቱን አብሬ አንስቼ ጉቶ ላይ ሳሳርፋቸው ይሰነጠቃል። አንድ ቀን አልሰነጠቅ ሲለኝ ጀርባዋን በመዶሻ መታሁት። የቀዳዳው ግድግዳ ስስ ነውና ወደ ውስጥ ጎበጠ፤ እሱን በክብ ሞረድ ማስተካከል ከፍለጣው የከፋ ሥራ ሆነ። አጭር እጀታ ደግሞ ሲስት የሚያገኘው ጉልበትን ነው፤ ስለዚህ ተንበርክኬ እቆርጣለሁ፣ የሳተው ምት መሬት እንዲያገኝ።

ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ባለው ጊዜ የቨርጂኒያ ሕግ በጫካ አጠገብ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እሳት ማንደድን ይከለክላል። ይህ ክልከላ ነው እንጨት መጥረብን ያስተማረኝ። ቡና ማፍላት ስለማልችል ብረቱን ከእጀታው አውልቄ፣ ጀርባውን በመዳፌ ይዤ፣ የድንኳን ካስማና ማንኪያ እፍቃለሁ። ያን ቀን የቀረቀርኩት ሽብልቅ ይዞ ቢቀር ኖሮ ብረቱ አይወልቅም፣ ይህም ሁሉ አይገኝም ነበር።

ስለቱን ወደ 25 ዲግሪ አሳስቼው ነበር፤ ጥር ላይ የበረደ ጉጥ ሲያገኝ ተሸረፈ። አሁን 30 ገደማ አደርገዋለሁ፤ በብርድ ቀንም ከመጀመሬ በፊት ብረቱን በብብቴ አሞቀዋለሁ። ሞረድ የሚበላው ሲገፋ ብቻ ስለሆነ፣ ስመልሰው አነሳዋለሁ። ቀጥሎ መሳያ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ።

እጀታውን የምቀባው የተልባ ዘይት ነው። የወጥ ቤት ዘይት ሞክሬ እጅ ላይ የሚጣበቅና የሚሸት ነገር ሆነብኝ፤ ተልባ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ አይጣልም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። የእኔን ደጅ ገመድ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ።

ክረምት ላይ የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው እንጨቱ ይሟሽሽና ብረቱ እንደገና ይንሸራተታል። አልናደድም። ገልብጬ አናቱን ወለሉ ላይ ሁለቴ ገጭ ገጭ አደርገዋለሁ፤ ከታች ያለው ጎረቤቴ ግን እስካሁን አልለመደውም።