ወጥ ሲጎድል

የምሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ 60 ሊትር ውሃ የምትይዝ የባሕር ዓሣ ገንዳ አለች። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መሀል ባሕር ምን ይሠራል አትበሉኝ። ባለቤቱ ጅቡቲ ሰው ቤት አይተው ወደዱ፣ አመጡ፣ አለቀ። ሁለት ዓሣ፣ ሁለት ሽሪምፕ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ፣ አሸዋና ድንጋይ። ዓሣዎቹ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የሚገኙት፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁት ቢጫዎች ናቸው። ገንዳዋ የገባች ዕለት «ውሃም መብራትም ያለው ነገር ስለሆነ ጥገና ክፍል ይረከበው» ተባለ። ጥገና ክፍል ማለት እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ግንቦት ላይ ነው። የድሬን ግንቦት ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው! ሌሊት የእንግዳ መቀበያው ኤሲ ለቁጠባ ተብሎ ይጠፋል። ጠዋት ስገባ የገንዳዋ ቴርሞሜትር 31 ይላል። ለእነዚህ ዓሣዎች ደጉ 26 አካባቢ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ እነሱም ማለክለክ ይጀምራሉ። ከሞተ ኮምፒውተር ላይ ፋን ፈታሁና በውሃው ፊት ላይ እንዲነፍስ አድርጌ ገጠምኩት። በማግስቱ 28። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በምን ሆነና? በመትነን ነው። ባለቤቱ ራሳቸው መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያልነገርኳቸው ሒሳብ ነበር። ድሮ በቀን ግማሽ ሊትር የምትጎድለው ገንዳ፣ ከፋኑ ወዲህ አንድ ሊትር ተኩል መጉደል ጀመረች። ስለዚህ መስታወቱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። በየጠዋቱ እስከ ፕላስተሩ ድረስ በዲስቲልድ ውሃ፣ ጨው በሌለበት በተጣራው ማለቴ ነው፣ እሞላለሁ። ዲስቲልዱን የማመጣው ከጋራዥ ነው፣ ያው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የድሬ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ማንቆርቆሪያውን ገልጦ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ የ10 ቀን ፈቃድ ወጥቼ ሐረር ሄድኩ።

ስመለስ ገና ከበሩ ነው ያስታወቀኝ። የገንዳዋ ከንፈር ዙሪያውን ነጭ ጨው ጋግሯል። ዓሣዎቹ ጥግ ይዘው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ሽሪምፖቹ የሉም፣ በኋላ ድንጋይ ሥር አገኘኋቸው። ውሃው ግን ልክ ፕላስተሩ ላይ ነው! አንዲት ሚሊ ሜትር አልጎደለም። የውሃ ጨው መለኪያዬን፣ ሪፍራክቶሜትሬን፣ አውጥቼ አንድ ጠብታ አደረግሁ። 35 ይል የነበረው 44 ይላል። በአንድ ሊትር 44 ግራም ያህል ጨው ማለት ነው። አላመንኩም፤ በዲስቲልድ ዜሮውን ላስተካክል ብዬ መጋዘን ገባሁ። ያስቀመጥኩትን ዲስቲልድ የሆቴሉ ሹፌር ለሚኒባሱ ባትሪ ወስዶታል።

ጥበቃውን ጠየቅሁት። «በምንድን ነው ስትሞሉ የከረማችሁት?»

«በባሕሩ ውሃ ነዋ! ሥራ አስኪያጁ ነው ያዘዘው።»

የባሕር ውሃ በጄሪካን ከጅቡቲ ይመጣልናል። እሱ ግን በወር አንዴ ለምናደርገው የውሃ ለውጥ ነው፣ ለተነነው መተኪያ አይደለም። የጄሪካኑ ሒሳብ በማን እጅ እንደሚያልፍ እዚህ አላነሳም።

ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ድሬ ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንደሚል ይታወቃል። እሱ እስከዛሬ አልለመደውም፣ «አንተ» ሲሉት ፊቱ ይለዋወጣል። እኔ ታዲያ ነገሬ እንዲያምርልኝ ብዬ አንቱ እያልኩ ገባሁ። ሃያ አምስት ሊትር ዲስቲልድ መግዣ መጠየቂያ ይዣለሁ።

«የባሕር ዓሣ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«የባሕር ውሃ ነው የተጨመረለት አይደል?»

«አዎ፣ ግን ጌታዬ...»

«ታዲያ ከባሕር የመጣውን ዓሣ የጋራዥ ውሃ አጠጡልኝ ነው የምትለኝ?»

ጨው አይተንም አልኩት። ፀሐይና ፋን የሚወስዱት ውሃውን ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ቁጭ ይላል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል የባሕር ውሃ ሲጨመር 52 ግራም ጨው አብሮ ይገባል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በየቀኑ፣ 10 ቀን። ወረቀት ላይ አባዝቼ ደምሬ አሳየሁት። «እስቲ ተወው» አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ሪፍራክቶሜትሩን ይዤ ገባሁ። በመሣሪያው ዓይን በኩል እያየ «ሰማያዊ ነው የሚታየኝ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጅቡቲን ራሷን ምስክር ጠራሁ። የአሳልን ሐይቅ ነገርኩት። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ጉድጓድ ነው። ከአጠገቡ ካለው ባሕር ውሃ በመሬት ውስጥ እየሰረገ ይገባበታል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል፣ ሌላ የባሕር ውሃ ይገባል። እንዲህ እንዲህ ሲል ከባሕሩ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆኗል። እኛም የያዝነው ይህንኑ ነው አልኩት። በራሴ ንግግር ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ትንሽ አሰበ። «አሳል ውስጥ ዓሣ አለ?»

«የለም!» አልኩ፣ አሁን ገባው ብዬ።

«እኛ ጋ ግን አሉ» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

እስከዚያ ድረስ ከኪሴ ሁለት ጠርሙስ እየገዛሁ የዕለቱን ጉድለት ብቻ እሞላ ነበር። ይህ ጨው እንዳይጨምር ያደርጋል እንጂ አይቀንሰውም።

በዚያው ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ምሳውን ይበላል፣ እኔ በር ላይ አምፖል እቀይራለሁ። ወጥ ቤት የምትሠራው እትዬ ትሪ ልታነሳ ገባች። ስለ ዓሣዎቹ ሆቴሉ ሁሉ እያወራ ነበርና ጠየቀችው። እሱም እየሳቀ «ይሄ ልጅ የባሕር ዓሣ ያለ ጨው ይኑር ይለኛል» አላት። እትዬ ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«አንተ! ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ውሃው ሲጎድልብህ ምን ትጨምራለህ?»

«ውሃ።»

«ጨውማ መጀመሪያ ገብቷል። ጨው ያለው ውሃ ብትጨምርበትስ?»

«ይበዛበታል... ኤጭ!» አለ። ማንኪያውን አስቀመጠ። «እሱ ነው እንዴ የምትለኝ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

መሰላሉ ላይ ሆኜ ምን ልበል? «አዎ፣ እሱ ነው» አልኩ።

መጠየቂያው እዚያው የምሳ ጠረጴዛ ላይ ተፈረመ፣ ወጥ የነካው ጣት አሻራ አሁንም አለበት። ሦስት ቀን አንቱ እያልኩ፣ በቁጥር፣ በመሣሪያ፣ በሐይቅ ያስረዳሁትን እትዬ አንተ ብላ በአንድ ድስት ጨረሰችው። አቦ፣ ያናድዳል! ዓሣዎቹ በመዳናቸው መደሰት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ተደስቻለሁ። ግን ያናድዳል። በሰኞው ስብሰባ ደግሞ «እትዬ እንዳስረዳችን» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

ማስተካከሉ ሰባት ቀን ፈጀ። በአንዴ ውሃ ማፍሰስ አይቻልም፣ በተለይ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም። በቀን ሁለት ሊትር ጨዋማውን ቀድቼ አወጣለሁ፣ በምትኩ ሁለት ሊትር ዲስቲልድ፣ በዚያ ላይ የተነነውን። 44 ወደ 42 ተኩል፣ ከዚያ 41፣ እያለ እያለ 35 ላይ ቆመ። ሽሪምፖቹ ከድንጋዩ ሥር ወጡ።

እስካሁን ለማንም ያልነገርኩትን ነገር እዚህ ላይ ልጨምር።

ከድሉ በኋላ እኔም የራሴን ወጥ መሥራት አማረኝ መሰለኝ። የኤሲ ቱቦ ቀኑን ሙሉ ውጭ ይንጠባጠባል። ከአየር የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ጨው የለበትም፣ ካልሲየም የለበትም። በነፃ ዲስቲልድ! ጄሪካን ከሥሩ አስቀመጥኩ። ሪፍራክቶሜትሩ ዜሮ አለኝ። ለሥራ አስኪያጁ «ወጪ ቀነስኩ» ብዬ ነገርኩት፣ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሽሪምፖች በጀርባቸው ተንጋለሉ።

ሪፍራክቶሜትር የሚያየው ጨውን ነው። የኤሲው የውስጥ ቱቦ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ትንሽ እንኳ ውሃ ውስጥ ከገባ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። መዳቡ ይሁን፣ ኤሲውን ያጠብኩበት ኬሚካል ይሁን አልለየሁም። ኤሲውን በዚያው ሳምንት በኬሚካል ያጠብኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀኝ «ሙቀቱ ነው» አልኩት። እትዬ ግን ጄሪካኑን አየት፣ እኔን አየት አድርጋ፣ ምንም ሳትል ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ከፋኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

አሁን የኤሲው ውሃ ለልብስ ክፍል ካውያ ሆኗል፣ ካውያው ድንጋይ መያዙን ትቷል። ገንዳዋ በጋራዡ ውሃ ትኖራለች። ሽሪምፕ አልተተካም።

ትናንት የወሩን ዲስቲልድ መጠየቂያ ይዤ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ለወጡ ነው?» አለና ፈረመ።