ልጁን ለመያዣነት የሰጠው አባት

ሰሞኑን ቴዎደሚር የሚባል ንጉሥ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ልጁን ነው፤ ጣሊያንን የገዛውን ታላቁን ቴዎዶሪክን። እኔን የያዘኝ ግን አባትየው ነው።

ቴዎደሚር ኦስትሮጎቶች የሚባሉት የጎት ሕዝብ ንጉሥ ነበር። ከወንድሞቹ ከቫላሚርና ከቪዲሚር ጋር ለሁኖቹ ንጉሥ ለአቲላ አድሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ453 አቲላ ሲሞት ግዛቱ ፈረሰ። ወንድማማቾቹ በፓኖኒያ፣ የዛሬዋ ሃንጋሪ አካባቢ፣ መሬት ተከፋፍለው ተቀመጡ። የበላዩ ቫላሚር ነበር። ሥልጣን ስንቱን ወንድማማች አፋጅቷል፤ እነዚህ ግን ተከባብረው ኖሩ። የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ዮርዳኔስ ፍቅራቸውን አድንቆ ጽፏል።

በኋላ የለመዱት ዓመታዊ ስጦታ ከምሥራቁ የሮማ መንግሥት ዋና ከተማ ከቁስጥንጥንያ ቀረባቸው። ተቆጥተው ኢሊሪኩም የተባለውን የሮማ ግዛት ዘረፉ። ንጉሠ ነገሥት ልዮን በዓመት 300 ፓውንድ ወርቅ ሊሰጣቸው ተስማማና ታረቁ። ለዕርቁ ግን መያዣ ያስፈልጋል። የተመረጠው ቴዎዶሪክ ነው። ሰባት ዓመት ሞልቶት ስምንተኛውን ይዞ ነበር።

የእህቴ ልጅ በዚሁ ዕድሜ ላይ ነው። የጫማውን ማሰሪያ ራሱ ያስራል፤ ማታ ግን እናቱ አጠገቡ ካልተጋደመች እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለ ልጅ ነው ቋንቋቸውን ለማያውቃቸው ሰዎች የተሰጠው።

ዮርዳኔስ እንደሚለው አባትየው ልጁን ለመስጠት አመነታ። ለሰላሙ ሲል የለመነው ወንድሙ ቫላሚር ነው። ስለ ቴዎደሚር ጦርነቶች ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ሁሌ እዚህች ጋ እቆማለሁ። ንጉሥ ነው፣ ጦር አለው፣ ግን ልጁን ማስቀረት አልቻለም።

እናቱ ኤሬሌውቫስ ምን አለች? ዮርዳኔስ አንድ ቃል አልጻፈም። ቁባት ብሏት ነው ያለፈው። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ልጁ ቁስጥንጥንያ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በመሀል ቫላሚር ከስኪሪ ሰዎች ጋር ሲዋጋ ከፈረስ ወድቆ ተገደለ፤ ንግሥናው ለቴዎደሚር ሆነ። ቴዎዶሪክ የ18 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ 6000 ያህል ሰው አስከትሎ ዳንዩብን ተሻገረና የሳርማቲያኑን ንጉሥ ባባይን ገደለ። ለአባቱ አልነገረውም። በልጅነቱ ርቆ ያደገ ሰው አባቱን ማማከር ከየት ይለምዳል? ድል አድርጎ ግን የተመለሰው ወደዚያው ወደ አባቱ ነው፤ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

ቴዎደሚር እ.ኤ.አ. በ474 ገደማ መቄዶንያ ውስጥ ታሞ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ጎቶቹን ሰብስቦ ወራሼ ይሄ ነው ብሎ ልጁን አሳያቸው። ዳግም ከተገናኙ በኋላ አብረው የኖሩት ጥቂት ዓመት ነው። ኤሬሌውቫ ግን ልጇን ተከትላ ጣሊያን ገባች። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ገላስዮስ ሲጽፍላት ንግሥት እያለ ነበር።