ስልኩ አምስት ሰዓት ሲል

ለረጅሙ የመኪና ጉዟችን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት የትንሹን ልጃችንን የእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ የከተሞቹ ስም ከዚያ በኋላ መጣ። ጠዋት ሦስት ተኩል ገደማ ይተኛል፣ ከምሳ በኋላም ይደግማል። ከባለቤቴ ጋር በተቻለ መጠን ያን ጊዜ ብቻ ልንነዳ ተስማማን።

መንገዱ ከጀርመኗ ሙኒክ ተነስቶ በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ በኩል የብሬነርን የተራራ መተላለፊያ አቋርጦ ጣልያን፣ ወደ ጋርዳ ሐይቅ ይወርዳል። ከሙኒክ ሐይቁ አጠገብ እስካለችው ቬሮና 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የስልኩ ካርታ የአምስት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው ይለዋል። ስልኩ ግን ልጅ የለውም። ጡጦው፣ ዳይፐሩ፣ ከነዳጅ ማደያው በወጣን በአሥር ደቂቃ ከኋላ የሚሰማው የትልቋ «ሽንቴ መጣ» አይታየውም። ስለዚህ ስልኩ ካለው ላይ ግማሹን ጨምሬ አሰላለሁ። በዚህ ሒሳብ መንገዱ ለአንድ ቀን ስለበዛ ኢንስብሩክ አደርን፤ እዚያ ለመድረስ አንድ እንቅልፍና አንድ እረፍት በቃን። ሕፃን መቀመጫው ላይ ታስሮ ብዙ መቆየት ስለሌለበትም ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ እያወጣን እናንፏቅቀው ነበር።

ከዝግጅቱ ሁሉ ጊዜዬን የበላው የልጆቹ መቀመጫ ነው። መኪና አከራዮች መቀመጫም ያከራያሉ፤ ግን ከዚህ በፊት አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ማን ያውቃል? የራሳችንን ይዘን ሄድን፤ ብዙ አየር መንገዶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጭኑታል። አር129 የተባለው የአውሮፓ የልጅ መቀመጫ ደረጃ ልጅ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። እንዲህ የዞረ መቀመጫ ኤርባጉ ያልተዘጋ ጋቢና ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። የቁመቱ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፦ ጀርመን 12 ዓመት ያልሞላውና ቁመቱ ከ150 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል ስትል፣ ኦስትሪያ 135 ሳንቲ ሜትር ይበቃኛል ትላለች። ጥብቁን ሕግ ይዞ መንገዱን ሁሉ በእሱ መሄድ ከክርክር ያድናል። መቀመጫውን ማሰር ደግሞ ከጉዞው በፊት ልመዱት፤ መኪናውን የምትረከቡት ደክሟችሁ፣ ልጆቹም አልቅሰው ነው።

ወረቀቱ ቀላል ነው፣ ቀድሞ ከተጀመረ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚወጣው ዋናውን መንጃ ፈቃድ በሰጠው አገር ስለሆነ ከደረሱ በኋላ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የጄኔቭ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በ1968ቱ የቪየና ስምምነት የሚሰጠው እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል። መኪናው ድንበር እንደሚሻገር ለአከራዩ ተናግሮ ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበልም አይቀርም።

ኦስትሪያ አውራ ጎዳና ላይ ለመንዳት «ቪኜት» የሚባለውን ክፍያ አስቀድሞ መፈጸም ግድ ነው። የብሬነሩ መንገድ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ጣልያን ውስጥ በአብዛኛው ወደ አውራ ጎዳናው ሲገቡ ቲኬት ተወስዶ ሲወጡ ይከፈላል። እኔን ያሳሰበኝ ዜድቲኤል ነው፦ ብዙ የጣልያን ከተሞች መሃላቸውን ፈቃድ ለሌለው መኪና ዘግተው በካሜራ ይጠብቃሉ፤ ቅጣቱም ወራት ቆይቶ በአከራዩ በኩል ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ማደሪያ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው መኪና ማቆሚያው ከዚያ ክልል ውጭ መሆኑን፣ ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያ ማሽን መኖሩን ነበር። መስኮቱ ሐይቁን ቢያሳይም ባያሳይም ግድ አልሰጠኝም።

የመኪና ማቅለሽለሽ በብዛት የሚያስቸግረው ከሁለት እስከ 12 ዓመት ያሉትን ነው፤ ታብሌት ላይ ማፍጠጥ ያባብሰዋል። ለትልቋ የሚደመጥ ተረት ጫንንላት፤ ዓይኗ ውጭ ውጭውን ያያል። ብሬነር ከባሕር ወለል 1,370 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ሲወጡና ሲወርዱ ጆሮ ይደፍናል፤ ለሕፃኑ ጡጦ መስጠት ያቀልለታል።

ባለቤቴ ፍሎረንስንም እንጨምር ብላ ነበር። ካርታው ላይ ቅርብ ትመስላለች፤ በእኔ ስሌት ግን ሁለት ተጨማሪ የመንዳት ቀን ትበላለች። ሰረዝናትና ጋርዳ ዳር ሰነበትን፤ ልጆቹ ውኃው ውስጥ ድንጋይ ሲወረውሩ ዋሉ። ባለቤቴ ፍሎረንስን እስካሁን ታነሳብኛለች።