የሮዜት ኔቡላን ሰማያዊ ያጠፋው መመሪያ

በቀለም ካሜራና ሁለት የብርሃን መስመሮችን ብቻ በሚያሳልፍ ፊልተር የጠፈር ጋዝ ልታነሱ የተነሣችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ሃይድሮጂኑ አያስቸግራችሁም። የትኛውንም ሶፍትዌር ብትይዙ፣ የትኛውንም መመሪያ ብትከተሉ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ምስላችሁ የሚድነውም የሚበላሸውም በኦክስጅኑ ነው። ይህንን ደፍሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ያነሣሁት ሮዜት ኔቡላ የተባለውን በሰማይ የሚያበራ የጋዝ ደመና ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከቤቴ ጣሪያ ላይ። ለእኛ አገር የታደለ ኔቡላ ነው፤ በገና ሰሞን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ከአናታችን በላይ ስለሚቆም ብርሃኑ በጣም ሳስቶ በሚገኘው አየር በኩል ይደርሰናል። በአንጻሩ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ በመሆኑ ሕንፃውና እንጦጦ ተጋግዘው ይጋርዱታል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረውን ሞተር ያለ እርሱ፣ በሶፍትዌር አስተካከልሁት። ካሜራውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አቀዘቀዝሁ፤ እያንዳንዱን ፎቶ 5 ደቂቃ አነሣሁ፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ነበረኝ። ፎቶዎቹን የመደረቡን ሥራ በነፃ በሚገኘው ሲሪል በተባለ ሶፍትዌር ጨረስሁ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው ይወጣዋል።

ወደ ችግሩ ከመግባቴ በፊት ካሜራው የሚሠራበትን መንገድ ላስረዳ። በቀለም ካሜራ ውስጥ ከየአራቱ ፒክስል አንዱ ቀይ፣ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ፊልተሩ የሚያሳልፈው የሃይድሮጂን ብርሃን 656.3 ናኖሜትር ላይ ስለሆነ ቀዩ ፒክስል ይይዘዋል፤ የኦክስጅኑ ደግሞ 500.7 ናኖሜትር ላይ ስለሆነ አረንጓዴውና ሰማያዊው ይካፈሉታል። ስለዚህ ከአንድ ፎቶ ሁለት የተለያዩ ጥቁርና ነጭ ምስሎች፣ ማለትም ሁለት ቻናሎች፣ ይወጣሉ ማለት ነው። ሁለቱን መለየት ያለባችሁ ሶፍትዌሩ የጎደለውን ቀለም ከጎረቤት ፒክስል እየገመተ ከመሙላቱ በፊት፣ ከጥሬው ፎቶ ላይ ነው። ሲሪል ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ ስላለው ተጠቀሙበት፤ ቀለሙ ከተሞላ በኋላ መለየት ሁለቱን አደባልቆ መልሶ እንደመምረጥ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

በየቦታው የሚገኙት መመሪያዎች ቅደም ተከተላቸው አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የከተማውን ወጋገን በአውቶማቲክ አጽዳ ይላሉ፤ ቀጥሎ ደካማውን የኦክስጅን ቻናል ከሃይድሮጂኑ ጋር አመጣጥን፤ ከዚያ አዋህድ። እንደተባለው አደረግሁ። የወጣው ምስል ሲያዩት ደስ ይላል፤ ዙሪያው ቀይ፣ ሰማዩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ያማረ ነገር ነው። ያየው ሰው ሁሉ አደነቀው። እኔ ግን ማዕዘኖቹን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ኔቡላው ከሚያልቅበት ውጭ፣ ምንም በሌለበት ሰማይ ላይ፣ ሰማያዊ ደመና ተኝቷል። መሀሉ፣ ማለትም ኤን ጂ ሲ 2244 የተባለው የወጣት ኮከቦች ክምችት ያለበት ቦታ፣ ጨልሞ ባዶ ሆኗል።

ይህ በተፈጥሮ ሊሆን አይችልም። ሃይድሮጂንን ለማብራት 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ብርሃን ይበቃል። ይህን አረንጓዴ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ኦክስጅን ግን ሁለት ኤሌክትሮኖቹን የተነጠቀው ነው፤ ሁለተኛውን ለመንጠቅ 35.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ያን ያህል ጉልበት የሚመጣው እጅግ ከጋሉት ኮከቦች ብቻ ነው። የሮዜት የጋሉ ኮከቦች ደግሞ መሀል ላይ ናቸው። እንግዲህ ኦክስጅኑ በመሀሉ ጎልቶ ወደ ዳር እየከሰመ መሄድ ሲገባው፣ በእኔ ምስል መሀሉን ባዶ ጥሎ ዳር ዳሩን ሞልቶታል።

የኦክስጅኑን ቻናል ለብቻው ከፍቼ የፒክስሎቹን ዋጋ ማንበብ ጀመርሁ። ጠቋሚውን መሀል ላይ አደርጋለሁ፤ ቁጥሩን አያለሁ። ወደ ላይኛው ግራ ማዕዘን እወስዳለሁ፤ እዚያ ያለው ከመሀሉ ይበልጣል። ወደ ኋላ እየተመለስሁ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊትና በኋላ ያለውን ሳስተያይ ሁለቱም ጥፋቶች ወለል ብለው ታዩኝ።

አንደኛው አውቶማቲክ ጽዳቱ ነው። ሶፍትዌሩ የናሙና ነጥቦቹን በምስሉ ላይ በእኩል ርቀት ይበትናል፤ ነጥብ ያረፈበትን ቦታ ሁሉ ባዶ ሰማይ ነው ብሎ ይወስዳል። ሮዜት በሰማይ ላይ ከሙሉ ጨረቃ ሁለት እጥፍ በላይ ስፋት አለው፤ በእኔ ቴሌስኮፕ የምስሉን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። ሃይድሮጂኑ ብርቱ ስለሆነ ሶፍትዌሩ አውቆ ዘለለው። ደካማውን ኦክስጅን ግን የከተማ ወጋገን መስሎት ቀነሰው። እንክርዳዱን እነቅላለሁ ብሎ ስንዴውን ነቀለ።

ሁለተኛው ማመጣጠኑ ነው። የሃይድሮጂኑ ብርታት የኦክስጅኑን ስድስት እጥፍ ነው እንበል። ማመጣጠን ማለት ኦክስጅኑን በስድስት ማባዛት ነው። አብሮ የሚባዛው ግን ጋዙ ብቻ አይደለም፤ ሻካራው ነጠብጣብም፣ በየማዕዘኑ ተርፎ የቀረው ወጋገንም ይባዛል። መሀሉ ቀድሞ ስለተሰረቀ ማባዛቱ የጠቀመው ዳር ላይ ያለውን ቆሻሻ ነው። ያ ያማረ ሰማያዊ ሰማይ የአዲስ አበባ የመንገድ መብራት ነበር ማለት ነው። ይህን ቅደም ተከተል እንደ ሕግ የሚያስተምሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ በጨለማ ገጠር፣ በትንሽ ኔቡላ ላይ ስለሠራላቸው ለሁሉም ይሠራል ብለው ይጽፋሉ። አንዳቸውም «የኦክስጅኑን ቻናል ለብቻው ከፍታችሁ እዩ» አይሉም። እስካሁን አንጀቴን ያሳርረኛል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቻናሎቹን መጀመሪያ እለያለሁ፤ ወጋገኑን የማጸዳው ከዚያ በኋላ፣ በየራሳቸው ነው። የናሙና ነጥቦቹን በእጄ አስቀምጣለሁ፤ ጥቂት ብቻ፣ ከኔቡላው ውጭ፣ ከትላልቅ ኮከቦች ርቀው። የሚቀነሰውም ቀጥ ያለ ዝንባሌ ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ ጠመዝማዛ ቅርጽ እንዲፈጥር አልፈቅድለትም። ከዚያ የተቀነሰውን ምስል ራሱን ከፍቼ አያለሁ። በውስጡ የኔቡላው ቅርጽ ከታየኝ፣ ደብዝዞም ቢሆን፣ እንደገና እጀምራለሁ። ይህችን ፍተሻ አትዝለሏት። ቀጥሎ ኮከቦቹን ስታርኔት በተባለ ሶፍትዌር ከምስሉ አወጣለሁ፤ የኦክስጅኑን ነጠብጣብ ገና ሳይደምቅ አለሰልሳለሁ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ቻናል በዐይኔ እየለካሁ ለየብቻ አደምቃለሁ። ማመጣጠን የሚባለውን ትእዛዝ አልነካውም። ኦክስጅኑ ከሃይድሮጂኑ ደክሞ ቢታይ ይታይ፤ እውነቱም ያ ነው።

በዚህ መንገድ መሀሉ ላይ ያ ሰማያዊ ሲወጣ ያየሁበትን ሌሊት አልረሳውም። ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የብርሃን መስመር እ.ኤ.አ. በ1864 እንግሊዛዊው የሰማይ ተመራማሪ ዊልያም ሃጊንስ በኔቡላ ብርሃን ውስጥ ሲያየው ከማናቸውም የምድር ንጥረ ነገር ጋር አልገጠመለትም፤ ሰዎች «ኔቡሊየም» የሚል ስም አውጥተውለት ኖሩ። ኦክስጅን መሆኑን አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አይራ ቦወን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ያን ብርሃን ከቤት ጣሪያ ላይ ይዞ በጽዳት ስም መጣል ግፍ ነው።

ጥቂት ሌሎች ምክሮችም አሉኝ፤ ከሚባለው ጋር የማይስማሙ አሉባቸው። ፊልተሩን የሚሸጡት በጨረቃ ብርሃንም ይሠራል ይላሉ። ለሃይድሮጂኑ አዎ። የጨረቃ ብርሃን ግን ኦክስጅኑ ባለበት የቀለም ክፍል ይበረታልና ጨረቃ በሞላችበት ሳምንት ሌላ ሥራ ሥሩ። የሌንሱን የጠርዝ ጥላ ለማስተካከል የምታነሷቸውን ፍላት የሚባሉ ፎቶዎች ፊልተሩ እንደተገጠመ አንሡ፤ ነጭ የኤል ኢ ዲ መብራት ልክ ኦክስጅኑ ባለበት አካባቢ ስለሚደክም የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ፒክስል ዋጋ ለየብቻ ተመልከቱ፤ ቀዩን ብቻ አይታችሁ በቂ ነው አትበሉ። በኮከቦች ቀለም ላይ የሚመሠረተውን የተለመደ የቀለም ማስተካከያም ተዉት፤ እርሱ የተሠራው ሙሉውን የኮከብ ብርሃን ለሚቀበል ፎቶ ነው፤ እናንተ የያዛችሁት ግን ሁለት ቀጫጭን መስመሮችን ነው። ኮከቦቹን ደግሞ ፊልተሩን አውጥታችሁ በአጭር ጊዜ ለብቻ አንሡና በመጨረሻ መልሷቸው፤ አለዚያ ሁሉም ብርቱካናማና ውኃ ሰማያዊ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ስለ ሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ቀለም የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሀብል የተነሣው የፍጥረት ምሰሶዎች የተባለው የኔቡላ ምስል ድኙን በቀይ፣ ሃይድሮጂኑን በአረንጓዴ፣ ኦክስጅኑን በሰማያዊ አስቀምጦ ዓለምን አስደንቋል፤ ሁሉም ያንን ወርቃማ ቀለም ይፈልጋል። የድኝ ብርሃን 671.6 እና 673.1 ናኖሜትር ላይ ነው፤ እርሱም የሚያርፈው በዚያው በቀዩ ፒክስል ላይ ስለሆነ ለብቻው የሚያሳልፍ ሌላ ፊልተር ከሌለ ከሃይድሮጂኑ ሊለይ አይችልም። በአንድ ፊልተር ብቻ ወርቃማውን ቀለም ያወጣ ሰው ሦስተኛውን ቻናል ከሁለቱ ቀላቅሎ ሠርቶታል። እኔም አንዳንዴ አረንጓዴውን ከሃይድሮጂን 4 እጅ፣ ከኦክስጅን 6 እጅ አድርጌ እቀላቅላለሁ፤ ግን ከምስሉ ሥር ሁለት ጋዞች ብቻ እንዳሉበት እጽፋለሁ። አረንጓዴን የሚያጠፋውን ቁልፍ በዚህ ዓይነት ምስል ላይ አትጫኑ፤ የሚጠፋው የጋዙ መረጃ ራሱ ነው።

ሁለተኛውን ፊልተር እንግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ አሁን አትግዙ። ድኙ በብዙ ኔቡላዎች ላይ ደካማ ነው፤ እንደ ኦክስጅኑ ያለውን ደካማ ቻናል ሳይሰረቅ ማውጣት ከቻላችሁ በኋላ ግዙ። ያለዚያ አንድ ቻናል ሲበላሽባችሁ የነበረው ሁለት ይሆናል።