ከከዚራ እስከ ሰማንያኛው ዲግሪ

ነሐሴ 12፣ ማታ

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ነሐሴ ቢጋመስም ድሬዳዋ ሙቀቷን አልተወችም፤ ሽርጤን አገልድሜ ከግቢያችን የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ላቤ በክርኔ በኩል ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከወር በፊት በዚሁ ሰዓት ሁለት የሱፍ ካልሲ ደርቤ፣ በበረዶ መሃል በሚያዘግም መርከብ ሰገነት ላይ ቆሜ ነበር ብል ለራሴም የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።

ሙያዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በእኛ ከተማ ቅዝቃዜ ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ውሃ በፌስታል ቋጥረው አርግተው የሚሸጡ እናቶች፣ ለስላሳ የሚያቀዘቅዙ ባለሱቆች፣ ኢንሱሊን የሚያስቀምጡ ሕመምተኞች ሁሉ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግስት “ኮምፕሬሰሩ ተቃጠለ” እያሉ ወደ እኔ ይመጣሉ። ስለዚህ በረዶ ለእኔ የሰው እጅ ሥራ ነበር፤ አንዲት ቀጭን ቱቦ ከተበሳች የሚጠፋ ነገር። ኦስሎ የምትኖረው ልጄ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለችና አንድ ቀን በስልክ “አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ በረዶ ስትሠራ ኖረሃል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ያልሠራውን እይ” አለችኝ። ለሦስት ዓመት ከደመወዟ ስትቆጥብ እንደቆየች የሰማሁት ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የሄድነው የኖርዌይ ግዛት ወደሆነው፣ ከዋናው ምድር በስተሰሜን ወደሚገኘው ስቫልባርድ ነው። ደሴቶቹ እ.ኤ.አ. በ1920 በተፈረመ ውል የሚተዳደሩ ሲሆን፣ ወደዚያ ለመግባት ከማንም አገር ሰው ቪዛ አይጠየቅም፤ ይህን ስሰማ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን መንገዱ በኖርዌይ በኩል ነው፤ ስቫልባርድ ደግሞ በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም ከሸንገን ቀጠና ውጭ በመሆኑ ወደዚያ የሄደ ሰው ከአውሮፓ እንደወጣ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መመለስ የሚፈልግ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛ የማይጠየቅበት አገር ለመድረስ ከተለመደው የበለጠ ቪዛ ማውጣት! ለማንኛውም ተፈቀደልን።

ሎንግየርቢየን 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ የምትገኝ ትንሽ የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች። ከማዕድን ቆፋሪዎቹ ዘመን በቀረ ልማድ ዛሬም እንግዳ ማረፊያ ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ እኔም በመጋላ መስጊዶች ደጃፍ የማየውን የጫማ ረድፍ አስታወስኩ። በበጋ ፀሐይዋ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አትጠልቅም። መርከባችን ከመቶ የማይበልጥ ሰው የምትይዝ፣ ለበረዶ ውሃ የተሠራች ትንሽ መርከብ ነበረች፤ ትልልቆቹ መርከቦች በማይገቡባቸው ጠባብ የባሕር ሰርጦች ገብታ መልሕቅ ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዞዲያክ በሚሉት የጎማ ጀልባ ነው። ወደ ጀልባው ስንወርድ በጣቶቻችን መጨባበጥ ክልክል ነው፤ የእኔ እጅ የመርከበኛውን ክንድ፣ የእሱም እጅ የእኔን ክንድ ከእጅ አንጓ በላይ ይይዛል፤ አንዱ ቢያዳልጠው እንኳ የሌላው ይዞታ ይቀራል። ኮምፕሬሰር ከፎቅ ስናወርድ ከረዳቴ ጋር እንዲህ ብንያያዝ ኖሮ እግሬ ላይ ያለው ጠባሳ ባልኖረ ነበር።

ከመውረዳችን በፊት ቦት ጫማችን ይፈተሻል። ሶሉ በብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት ውስጥ ይነከራል፣ የልብስ ኪስና ስፌት ሳይቀር ዘር እንዳይኖርበት ይታያል። ከተጓዦቹ አንዳንዶቹ ይህን እንደ ቀልድ አዩት፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ፓርቴኒየም የተባለው አረም በድሬ ዙሪያ ያለውን እርሻና ግጦሽ ምን እንዳደረገው ያየ ሰው ከጫማ ሥር የምትገኝን አንዲት ዘር አይንቅም። ምድሩን ስረግጠውም ምክንያቱ ገባኝ፤ አስጎብኚዋ “ዛፍ እየረገጣችሁ ነው” ስትለን ወደ እግራችን ተመለከትን፤ ያየነው ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚያድግ፣ ቁመቱ ከጣት አንጓ የማይበልጥ የዋልታ አኻያ ነበር።

ውሃውን ግን ልብ ብዬ ያየሁት በሙያዬ ዓይን ነው። ጨዋማ ውሃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ ባሕሩ በረዶ ለመሆን ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ መውረድ አለበት። የድሮዎቹ የበረዶ ፋብሪካዎች በጨው ውሃ የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ጨው ውሃው ሳይረጋ ከዜሮ በታች ይወርድና በውስጡ የተነከረውን በቆርቆሮ ያለ ንጹሕ ውሃ በረዶ ያደርገዋል። እዚያ ባሕሩ ላይ ቆሜ በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ቆጣሪ የማይቆጥርበት፣ ማንም ያልሰካው የበረዶ ፋብሪካ ሆኖ ታየኝ።

በአራተኛው ቀን በሞናኮው ልዑል በአልበርት ቀዳማዊ ምክንያት ሞናኮ ወደተባለው ግግር በረዶ ሄድን። ጀልባዎቹ ከግድግዳው ርቀው ቆሙና ሞተር ጠፋ። ከግድግዳው አንድ ቁራጭ ሲወድቅ አስቀድመን በዓይናችን አየን፤ ነጎድጓዱ የደረሰን ውሃው ከተነሣ በኋላ ነው። ከዚያ አስጎብኚዋ ከጀልባው ጎንበስ ብላ የሰው ራስ የሚያህል በረዶ በመረብ አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እንደ መስታወት የጠራ ነበር። የፍሪጅ በረዶ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚረጋ አየሩን ወደ መሃል ይገፋዋል፤ ልቡ ነጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የግግሩ በረዶ ግን ለብዙ ዘመን በላዩ የተከመረው በረዶ ጨምቆት የቀረችው ጥቂት አየር እንደ መርፌ ጫፍ ሆና ታስራለች፤ ጥልቁ ክፍል ሰማያዊ የሚመስለውም የተጨመቀው በረዶ የብርሃኑን ቀይ ወገን ስለሚውጥ ነው። “ጆሮህን አስጠጋ” አለችኝ ልጄ። አስጠጋሁ። ሲቀልጥ የታሰረው አየር እየፈነዳ ይወጣል፤ ድምፁ ምጣድ ላይ እንዳለ ዘይት ቸስ ቸስ ይላል።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሱቄ ውስጥ ጋዝ ለመቀየር የፍሪጅ ቱቦ ስንቆርጥ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ እሱ ብቻ ረዘም ይላል። ሥራ ስጀምር የነበረው ጋዝ አር 12 ነበር፤ የኦዞንን ሽፋን የሚበሳው እሱ መሆኑ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር የተወሰነበት ጋዝ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቆይቷል። በኋላ የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን በማሞቅ ረገድ እያንዳንዱ ኪሎ ከ1,300 ኪሎ በላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይሠራል። ይህን በሥልጠና ሰምቼ ፈተናም አልፌበታለሁ። ነገር ግን ሥልጠና ላይ የሰማሁትና ጭኔ ላይ ሲቀልጥ የሰማሁት አንድ አልሆኑልኝም። ልጄ ፎቶ ልታነሣኝ “ፈገግ በል” ትለኝ ነበር፤ ፎቶው ላይ ፊቴ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ነው።

ከ80 ዲግሪ በላይ ስለወጣንበት ቀን ብዙ አልጽፍም፤ ጭጋግ ነበር። ድቡን ያየነው በዚያ ቀን ሲሆን፣ እንደ አሮጌ ነጠላ ቢጫ ያዘለ ነጥብ ሆኖ በረዶው ላይ ሲሄድ በአቅራቢ መነጽር ተከታተልነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በወጣው ደንብ እኛ በሄድንበት ወቅት ከድብ 300 ሜትር፣ በጸደይ ደግሞ 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ብዙ ገንዘብ ከፍለው የመጡ አንዳንድ ሰዎች አጉረመረሙ። እንግዳ የባለቤቱን ግቢ በር ላይ ቆሞ ቢያይ ምን ይጎድልበታል? ይልቅ ያስጨነቀኝ የእኛው መርከብ ጭስ ነበር፤ ሲቀልጥ ልናይ ነዳጅ እያቃጠልን መሄዳችንን ማንም አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁትም።

በመጨረሻው ቀን አውቶቡሱ በዓለም አቀፉ የዘር ማከማቻ አጠገብ አሳለፈን። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ነው፤ ለጎብኚ የሚታየው ከተራራው የወጣው የኮንክሪት በር ብቻ ሲሆን፣ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ የዘር ናሙና ተቀምጧል። የቡና ዘር እንዲህ ያለውን ቅዝቃዜ ስለማይችል የእኛ ቡና የሚጠበቀው በቁሙ፣ በዛፍነቱ ነው። የክፍሎቹ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው ሲባል ሳቅሁ፤ እኔ ለባለሱቆች ፍሪዘር የማስተካክለው በዚያው ቁጥር ነው። ተራራው በራሱ የሚሰጠው ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ቀሪውን የሚሞላው ማቀዝቀዣ ማሽን ነው፤ በዓለም ጫፍም የእኔ ቢጤ ባለሙያ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 መኸር ግን ባልተለመደ ሙቀት የቀለጠ ውሃ ወደ መግቢያው ዋሻ ገባ። ዘሮቹ ጋ አልደረሰም፤ ቢሆንም ዋሻውን ውሃ እንዳያስገባ አድርገው እንደገና መሥራትና ሙቀት የሚሰጡ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ከውስጥ ማውጣት አስፈልጓቸዋል።

ሱቅ በከፈትኩ በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት የፌስታል በረዶ የምትሸጥበትን ፍሪዘር በጋሪ አስጭና መጣች። ፍሪዘሩ ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም፤ ጋዙ በከፊል አምልጧል፤ የቀረው ወጥቶ ቱቦው መበየድ አለበት። ጋዙን ሳይለቁ ወደ ሲሊንደር የሚመልስ ማሽን አለ፤ እኛ የለንም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ደውዬ ጠየቅሁ፣ እሱም የለውም። ሴትዮዋ ልጆቿን የምታበላው በዚያ ፍሪዘር ነው፤ ውጭ 36 ዲግሪ ነበር። ረዳቴ መቁረጫውን ቱቦው ላይ አስይዞ “ልልቀቀው ጋሼ?” አለኝ። “ልቀቀው” አልኩት፤ እኔ ግን ድምፁን ላለመስማት ወደ ውጭ ወጣሁ።