የምንጣፍ ቦምብ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አንዲት ትንሽ የአማርኛ ሬዲዮ ላይ በነጻ እሠራ ነበር። እሁድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል የአየር ጊዜ አላት። ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ ቤንዚኑም ከኪሳችን ነው። በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራዬን ስሠራ እሰነብትና እሁድ በጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ከች እላለሁ። የእኔ ድርሻ የአሜሪካን ፖለቲካ ወደ አማርኛ መመለስ ነው። እንግሊዝኛዬ አይታማም ብዬ አስብ ነበር። አማርኛማ አፌን የፈታሁበት ነው፤ ምን ይቸግረኛል?

ጊዜው በፈረንጆቹ 2015፣ ዲሴምበር ነው። ጣቢያዋ ውስጥ ከገባሁ ገና ሦስት ወር ነበር።

ያ ሰሞን የሚወራው ሁሉ ስለ ሽብር ነው። ኖቬምበር 13 ፓሪስ ውስጥ 130 ሰው አለቀ። ዲሴምበር 2 ደግሞ እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ፣ ባልና ሚስት ተኩስ ከፍተው 14 ሰው ገደሉ። የሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን የሚፎካከሩት ፖለቲከኞች ያኔ ከአስር በላይ ነበሩ። የመጀመሪያው ድምፅ የሚሰጥባት አዮዋ ደግሞ ፌብሩዋሪ 1 ላይ ትጠብቃቸዋለች። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከጎኑ ከቆመው በልጦ ቆፍጣና መስሎ መታየት አለበት።

ቅዳሜ ዲሴምበር 5 የቴክሳሱ ሴናተር ቴድ ክሩዝ አዮዋ ውስጥ፣ ሲዳር ራፒድስ በምትባል ከተማ ንግግር አደረጉ። ከንግግራቸው ሁለት ነገር ተመዝዞ ወጣና ዜናውን ሁሉ ሞላው። አንደኛው አይሲስን «ካርፔት ቦምብ» እናደርገዋለን፣ ደብዛውን እናጠፋዋለን የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አሸዋ በጨለማ ያበራ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እናየዋለን የሚል ነው።

እሁድ ጠዋት ይህን ይዤ ቁጭ አልኩ። ካርፔት ምንጣፍ ነው። ቦምብ ያው ቦምብ ነው። «በምንጣፍ ቦምብ ድምጥማጣቸውን እናጠፋለን ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። አሸዋውንም እንዳለ መለስኩት። እንዲያውም ቶሎ በመጨረሴ ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ።

በቀጥታ ስርጭት አነበብኩት። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

የመጀመሪያው ደዋይ ታክሲ ነጂ ነው። ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ነው የሚያዳምጠን። «ወንድሜ፣ ይሄ ምንጣፍ ውስጥ የሚጠመድ ነው? ሶሪያ ያለው ምንጣፍ ሁሉ ሊፈተሽ ነው ማለት ነው?» አለኝ። እያሾፈ አይደለም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም ከልቤ «ይመስለኛል» አልኩት። ይህን መልሴን እስከ ዛሬ ሌሊት ላይ አስታውሼ ብርድ ልብስ የምከናነብበት ጊዜ አለ።

ቀጥላ የደወለችው እህት ሆቴል ነው የምትሠራው። «ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ነው የምጠርገው፤ ምን አስወራችሁብኝ?» ብላ ሳቀች። ሌላው ደግሞ ስለ አሸዋው ጠየቀኝ። «የሚያበራው በምንድን ነው? መብራት ሊዘረጉለት ነው?» አለ። እሱን እንኳ አልመለስኩም፤ መስመሩ ተቆረጠ አልኩ። አልተቆረጠም ነበር። ጨረር ያለው የኑክሌር መሣሪያ ሽታ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።

አራተኛው ደዋይ በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። «ሰውዬው ደግ ተናግሯል» አሉ። «ሚያዝያ ላይ ሊቢያ ውስጥ ልጆቻችንን የፈጇቸው እነሱ አይደሉም እንዴ? በምንጣፍም ይሁን በጆንያ ይምታቸው። ይበላቸው!»

ስቱዲዮው ጸጥ አለ። የዚያ ዓመት የሊቢያው ሐዘን ገና ከሁላችንም አልወጣም ነበር። እኚህን አባት ማን ይቃወማቸዋል? እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። እሳቸው የደገፉት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው። ያላወቁት ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው።

ስርጭቱ እንዳለቀ የድምፅ ባለሙያችን ጆሮው ላይ ያለውን ማዳመጫ አውርዶ መጣ። ጋሼ ነው የምንለው። በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ አውሮፕላን ላይ ቦምብ የሚጭን የምድር ሠራተኛ ነበር። አሁን በሳምንቱ ቀናት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ጮክ ብሎ አይናገርም።

«ና እስቲ» አለኝ። ከቡናው አጠገብ ካለው ሳጥን ሁለት ከረጢት ስኳር አነሳ። እነዚያን ትንንሽ የወረቀት ከረጢቶች። አንዱን ሳይቀድ ሲኒዬ አፍ ላይ አስተካክሎ ለቀቀው። ቡናው ውስጥ ገባ፤ ጥቂት ሸሚዜ ላይ ተረጨ።

«ይሄ ኢላማ አለው» አለ።

ሁለተኛውን ጫፉን ቀደደና ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እጁን እያንሸራተተ አፈሰሰው። ላፕቶፔም ጽሑፌም ስልኬም ስኳር ለበሱ።

«አሁን የት አረፈ?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

«እንግዲያው ኢላማው ጠረጴዛው ነው። አውሮፕላኖቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፣ በተራ በተራ ይለቃሉ። መሬቱን እንደ ምንጣፍ ያለብሱታል። ማን ከታች እንዳለ አይመርጥም። ጀርመን ከተሞች ላይ፣ ቬትናም ላይ ያደረጉት ነው። ቦምቡ ውስጥ ምንጣፍ የለም፣ ልጄ።»

ያን ስኳር ከላፕቶፔ ቁልፎች መሐል በጥርስ መፋቂያ ሳወጣ ከረምኩ። «ሰ» ፊደል የምጽፍበት ቁልፍ እስከ ዛሬ ሲጫኑት ይጣበቃል።

በነገራችን ላይ ጋሼ ሌላም ነገር አርሞኛል። «ድምጥማጣቸውን እናጠፋለን» ያልኩትን ይዞ «አሸባሪን አንቱ ማለት ከየት አመጣህ?» አለኝ። ለብዙ ቁጥር ነው ያልኩት ብዬ ተከራከርኩ። ልክ ነበርኩ፤ ግን አማርኛችን ብዙ ቁጥርንና አክብሮትን በአንድ ጫማ ነው የሚያስኬደው። እጩዎቹንም «ብለዋል» «ገልጸዋል» እያልን ስናነብ የሚዝቱት ሁሉ ሽማግሌ ፊት የቆሙ ይመስላሉ። ዛቻው በትርጉም ግማሽ ግለቱን ያጣል። ለዚህ እስካሁን መድኃኒት አላገኘሁለትም።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጣው ዜና ደግሞ ቃሉ አልከበደንም፤ ማንበቡ ነው የከበደን። ዲሴምበር 7 ዶናልድ ትራምፕ ሳውዝ ካሮላይና ላይ፣ በዮርክታውን የጦር መርከብ ላይ ቆመው፣ ሙስሊሞች ወደ አሜሪካ መግባታቸው ሙሉ በሙሉ ይቁም አሉ። ይህን ያነበበችው ሂጃብ የምትለብስ ባልደረባችን ናት። ተራዋ ስለሆነ ነው። «ሌላ ሰው ያንብበው?» ስንላት «ለምን?» አለች። አንብባ ጨረሰችና ሰዓቱ ሳይደርስ ማስታወቂያ አስገባች። የእንጀራ ቤት ማስታወቂያ ነበር።

የእኔ ሁለተኛ ጥፋት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ያስቃል። ይሄኛው አያስቅም።

ዲሴምበር 15 ላስ ቬጋስ ውስጥ የእጩዎቹ ክርክር ነበር። ክሩዝ ካርፔት ቦምብ ሲሉ ራቃን ልታፈርሱ ነው ወይ፣ ብዙ ሲቪል የሚኖርባትን የሶሪያ ከተማ፣ ተብለው ተጠየቁ። መልሳቸው አይሲስ ያለበትን ቦታ ነው እንጂ ከተማውን አይደለም፣ ተዋጊዎቹ ያሉበትን ነው የምለው የሚል ሆነ። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት በቀን ወደ 1,100 የአየር ጥቃት ይደረግ ነበር፣ ኦባማ ግን በቀን ከ15 እስከ 30 ብቻ ነው የሚያደርጉት ብለውም ጨመሩ።

አሁን የጋሼን ስኳር አስቡት። ጠረጴዛውን በሙሉ እያለበሱ ሲኒውን ብቻ መምታት እንዴት ይቻላል?

እኔ ግን ያኔ ጎበዝ ሆኛለሁ። ቃሉን ተምሬዋለሁ። «የጅምላ የአየር ድብደባ» የሚለውን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። የክሩዝን መልስ ስተረጉም ዓረፍተ ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጭብኛል። «ከተማውን ሳይሆን ተዋጊዎቹ ያሉበትን በጅምላ እንደበድባለን» ይላል። አድማጭ ምን ይለኛል? «ይሄ ልጅ ዛሬም ተሳሳተ» ነው የሚለው። ስለዚህ አስተካከልኩት። «ኢላማውን የጠበቀ ከባድ የአየር ድብደባ እናደርጋለን ብለዋል» አልኩ። አማርኛው ፏ አለ። ቅዳሜ ማታ ቀዳሁትና ለጋሼ ላክሁለት።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደወለ።

«ሰውዬው ኢላማ የጠበቀ አለ?»

«ማለት የፈለገው እሱን ነው።»

«እሱን እንዴት አወቅህ? ማለት የፈለገውን ማለት ያልቻለ እንደሆነስ? ቃሉን ራሱ መረጠው እኮ። ለሁለት ሳምንት ሲጨበጨብለት የከረመበት ቃል ነው። ሲጠየቅ አልጣለውም፤ ይዞት ዞረ። አንተ ምን ቤት ነህና ትጥልለታለህ?»

ዝም አልኩ።

«የሰውዬው የምርጫ ዘመቻ ደመወዝ ይከፍልሃል?» አለኝ። ይሄ አማርኛዋ ገባችኝ።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ሰውዬው ለምን ያንን ቃል እንደፈለጉት ማሰብ ጀመርኩ። ይህን ቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ። ሴናተር ሊንዚ ግራሃም ብዙ ሺህ የእግረኛ ጦር እንላክ ይሉ ነበር። ሴናተር ራንድ ፖል ደግሞ ጦርነት በቃን ባይ ናቸው። ክሩዝ ከሁለቱም ወገን ደጋፊ ይፈልጋሉ። ማርኮ ሩቢዮ በዚያው ክርክር ላይ፣ መንግሥት የስልክ መረጃ እንዳይሰበስብ የሚገድበውን ሕግ ደግፈሃል፣ አገር አዳክመሃል እያሉ ይዘዋቸዋል። ታዲያ ወታደር ሳይልኩ ቆፍጣና መስሎ ለመታየት የሚያስችል ቃል ምን አለ? ከሰማይ የሚወርድ ነገር ነው። ትልቅ፣ ድምፅ ያለው፣ የአሜሪካ እናት ልጇን የማትገብርበት። ቃሉ ለሶሪያ አልነበረም የተሠራው፤ ለአዮዋ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ የአማርኛ ቃል ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ማለሳለስ ግን ይቻላል፣ እኔም ያደረግኩት እሱን ነው። እንደ ደግ ሰው የሴናተሩን ገመና ሸፍኜላቸዋለሁ።

እሁድ ጠዋት እንደገና ቀዳነው። የጣቢያችን አለቃ መጀመሪያ አልተስማማም። «የሚጋጭ ነገር ብታነቡ ሕዝቡ እናንተን ነው የሚሰድበው» አለ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ የክሩዝን ድምፅ በእንግሊዝኛው ለአፍታ አሰማን። ከዚያ አስከትዬ «ቃሉ የጅምላ ድብደባ ማለት ነው፤ ከተማውን አይመለከትም ብለዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የተናገሩት» አልኩና ቀጠልኩ። ምንም አልጨመርኩም። ጋሼ ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አላነሳም፣ ራሱንም አልነቀነቀም። የድምፁን መጠን አስተካክሎ ወደ ሙዚቃው ገባ።

አንድ ሰው ደወለ። «አልገባኝም፣ ከተማውን ነው ወይስ ወታደሩን?» አለ።

«እኛም ያንኑ ነው የሰማነው» አልኩት።

«እ፣ እሳቸውም አልገባቸውም በለኛ!» አለና ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ የሽብር ነገር በተነሳ ቁጥር እጄ ይዘገያል። ዴሞክራቶቹ ዘንድም የቃል ጣጣ ነበረ። ሂላሪ ክሊንተን «ጂሃዲስት» እንጂ «አክራሪ እስልምና» አልልም፣ ከእስልምና ጋር ጦርነት ላይ አይደለንም ይላሉ፤ ሪፐብሊካኖቹ ደግሞ ጠላትን በስሙ አትጠራም እያሉ ያሳጧቸዋል። ጠቡ ራሱ በቃሉ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ «አክራሪዎች» ብሎ ማለፍ ዜናውን መዋጥ ነው። ድሮ ብሆን እውጠው ነበር።

ፌብሩዋሪ 1 ደረሰ። በዚያው ቀን ኢራቅና ሶሪያ ያለውን ዘመቻ የሚመሩት ሌተና ጄኔራል ሾን ማክፋርላንድ ስለዚሁ ድብደባ ተጠየቁ። ንጹሕን ከተዋጊ ሳይለዩ መደብደብ ከእሴቶቻችን ጋር አይሄድም አሉ። ማታ ደግሞ የአዮዋ ውጤት ወጣ። ክሩዝ 27.6 በመቶ አግኝተው ትራምፕን ቀደሙ።

እሁድ ሁለቱንም ዜና አከታትዬ አነበብኩ። የጄኔራሉን ቀድሜ፣ የአዮዋን አስከትዬ። ቀኑም እንደዚያው ነው የሄደው።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት፤ ከኋላው የኤርፖርት አውቶቡስ ያጓራል።

«ያ የምንጣፍ ቦምቡ ሰውዬ ነው ያሸነፈው?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው።»

«ጄኔራሉ ግን አይሆንም አሉ።»

«አዎ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ቆይ፣ ተራዬ ደረሰ» አለና ዘጋው።